ጠቢቡና ጠያቂው በአንድ አዳራሽ

በንፋስ መውጫ ከተማ በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ፣ ስለሚመጣው ዓመት ንግግሮችና የትርኢት በዓል የተሰጠ ንግግር




በሚመጣው 2019 ዓ.ም. በዚህች ከተማ ሊደረጉ ስለታሰቡት ወርኃዊ ንግግሮችና ስለ ዓመታዊው የትርኢት በዓል አሳቤን እንድገልጽ ኮሚቴው ሲያዘኝ፣ ርእሱ ሁለት ዓይነት ሰዎችን በአንድነት የሚጠራ ሆኖ አገኘሁት። አንደኞቹ የቴክኖሎጂ ወዳጆች ናቸው፤ መሣሪያ ሲያዩ ከፍተው ውስጡን ሳይመለከቱ የማያልፉ፣ የተሰበረውን ሳይጠግኑ የማያድሩ ሰዎች። ሁለተኞቹ ከተለመደው አኗኗር ፈቀቅ ብለው «ይህ ነገር ስለ ምን እንዲህ ሆነ? እንዲህስ ባይሆን?» እያሉ የሚጠይቁ ናቸው። ወግ አጥባቂ የሚለው ቃል በቋንቋችን የታወቀ ስለሆነ፣ እነዚህን ወግ ጠያቂዎች ብዬ ብጠራቸው የምትረዱልኝ ይመስለኛል።

ከመካከላችን አንዳንዶች እነዚህን ሁለት ወገኖች በአንድ አዳራሽ ማስቀመጥ ምን ይረባል፣ የመጀመሪያዎቹ ለልማት ይጠቅማሉ፣ ሁለተኞቹ ግን ሁከት ያመጣሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ግን በአገራችን ታሪክ ጠቢቡና ጠያቂው ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው እንደነበሩና የተዘጋባቸውም በር አንድ እንደነበረ ላሳያችሁ እወዳለሁ። ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። ጠቢብ ማለት በግእዝ ዐዋቂም ነው፣ የእጅ ሙያተኛም ነው። ከዚሁ ቃል የወጣው ጠይብ ግን በመንደራችን ስድብ ሆኖ ኖረ። ያንን ያህል የወደቀ ቃል ሲኖር፣ ከቃሉ ጋር የወደቀ ሰው መኖሩ አይቀርም። እንግዲህ የምናዘጋጀው በዓል ያንን ሰው ወደ መድረኩ ካላወጣው፣ አዳራሽ ተከራይተን፣ ድንኳን ተክለን፣ እርስ በርሳችን ተጨባጭበን ከመመለስ በቀር የምንሠራው አይኖርም።

ጉባኤ ለጋይንት እንግዳ አይደለም

በመጀመሪያ ለመነሻ ያህል ከራሳችን አገር ልጀምር። ጋይንት የጉባኤ አገር ናት። ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤቶች መሆናቸው በቤተ ክህነት ትምህርት ላለፈ ሁሉ የታወቀ ነው። ከአራቱም ማዕዘን የሚመጣው ተማሪ በየደብሩ የተማረውን ዜማ ይዞ እነዚህን ተራሮች ወጥቶ፣ ወርዶ፣ በመምህሩ ፊት ቆሞ ያዜማል፤ ይታረማል፤ እንደገና ያዜማል። ሲያስመሰክር ነው ሌላውን ለማስተማር የሚበቃው።

ከዚህ ሥርዓት ለእኛ በዓል የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች እናገኛለን።

አንደኛው፣ በጉባኤው ውስጥ ሰሚ ብቻ ሆኖ የሚቀመጥ ሰው የለም። የሰማ ሁሉ የሰማውን በራሱ አንደበት አድርጎ ያሳያል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም የወጣው ከዚህ ዓይነቱ ቤት ነው።

ሁለተኛው፣ የዜማው ትምህርት በመሣሪያ የተደገፈ ነው። በድጓው መስመሮች ላይ በትናንሽ ፊደላት የሚጻፈው ምልክት በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደራጀ ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። ፊደሉ ከታወቀ የዜማ ሐረግ ተቆርጦ የተወሰደ ምኅጻረ ቃል ነው፤ ያንን ያየ ዘማሪ የሐረጉን ዜማ ያስታውሳል። ድምፅን በቀለምና በብራና ላይ ማስቀመጥ መቻል፣ ዛሬ በምንናገርበት ቋንቋ፣ የመረጃ ቴክኖሎጂ ነው።

ሦስተኛው፣ ተማሪው ራሱ ከተለመደው ኑሮ የወጣ ሰው ነው። የአባቱን እርሻ ትቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ ከውሻ ጋር እየተሟገተ ለምኖ ያድራል። በቅኔውም ውስጥ ማንም በግልጽ ሊናገረው የማይደፍረውን በሰሙ ሸፍኖ በወርቁ ይናገራል። ስለዚህ የወግ ጠያቂነት ጠባይ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ነገር ነው የሚሉ ሰዎች ከአጠገባቸው ያለውን ጎጆ አላስተዋሉትም።

ከጋፋት የሚገኝ ትምህርት

ከዚህ ወደ ምዕራብ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ትገኛለች። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍና ሞርታር ያስቀለጡባት ቦታ ናት። ከዚያ ከተሠሩት ሁሉ ታላቁ ሴባስቶፖል ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1867 መጨረሻ ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን ለቀው ያንን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል፣ ገደሉን እየቆረጡ፣ መንገድ እየደለደሉ ወደ መቅደላ ሄዱ። የደረሱት በሚቀጥለው ዓመት በመጋቢት ወር ነው። በመንገዱ ሥራ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በቦታው የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል። ይህ አገር ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ የቴክኖሎጂ ትርኢት አይቶ አያውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን ከትርኢቱ በኋላ ምን ቀረ? መቅደላ ከወደቀ በኋላ ከባለሙያዎቹ አብዛኞቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። መድፉ በመቅደላ አምባ ላይ ቀረ። የጋፋት እቶን ግን ቀዘቀዘ። ብረት የማቅለጥ ዕውቀት ተቀባይ ትውልድ ሳያገኝ ተበተነ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱም፣ የዘመኑ ችግርም አለበት። በእኔ አስተያየት ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነው፦ በዚያው ዘመን በየመንደሩ ወናፍ እየነፋ፣ ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጠ የሚኖር የአገር ባለሙያ ነበረ። ያ ሰው ግን ቡዳ ይባል ነበር፤ ከጎረቤቱ ጋር አይጋባም፤ በማኅበር አይጠራም። ከእርሱ ጎን ቆሞ ሙያውን ለመማር የሚደፍር የጨዋ ልጅ ከየት ይምጣ? ዕውቀቱ ሊተከልበት የሚችለው መሬት አስቀድሞ በንቀት ደርቆ ነበር።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሌላውንም የእጅ ሠራተኛ የሚሰድበውን ሰው የሚገሥጽ ዐዋጅ ማስነገራቸው የነገሩን ክብደት ያሳያል። ዐዋጅ ስድብን ይከለክላል፤ ልማድን ግን በአንድ ቀን አይለውጥም። ዛሬም ቢሆን በገበያችን ጥግ ማረሻ የሚያሾለውን ሰው «መምህር» ብሎ የሚጠራው ማን ነው?

ከእስቴ የወጣው ጠያቂ

ሁለተኛውን ምሳሌ ከጎረቤታችን ከእስቴ አመጣለሁ። ዙምራ ኑሩ እ.ኤ.አ. በ1947 በእስቴ የተወለዱ ገበሬ ናቸው። በልጅነታቸው ይጠይቁ የነበሩት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው፦ እናቴ ከአባቴ ጋር እርሻ ውላ ስትመለስ የቤቱን ሥራ ብቻዋን የምትሠራው ስለ ምን ነው? ሰው በሃይማኖቱ ምክንያት ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ገበታ የማይበላው ስለ ምን ነው? አቅመ ደካማ ሽማግሌ ያለ ጧሪ የሚቀረውስ ስለ ምን ነው? በዚህም ምክንያት ቤተ ሰቡ አእምሮው ታውኳል እስከማለት ደረሰ። ልጁም ቤቱን ትቶ አሳቡን የሚጋራ ሰው ፍለጋ ዞረ።

በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ባልንጀሮቻቸው ጋር በፎገራ ወረዳ የአውራ አምባን ማኅበረ ሰብ መሠረቱ። ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፤ ሴቷ ታርሳለች፤ ሽማግሌዎች በጋራ ይጦራሉ፤ የቤት ጉዳይ ልጆች ባሉበት በውይይት ይታያል። ጎረቤቱ ይህንን በቀላሉ አልተቀበለውም። በደርግ ዘመን መጨረሻ ማኅበረ ሰቡ ለሕይወቱ ሠግቶ ወደ ደቡብ ተሰደደ። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ሲመለስ ከመሬቱ የቀረው 17.5 ሄክታር ብቻ ሆነ።

እዚህ ላይ ነው ጠያቂው ጠቢብ የሚሆነው። መሬቱ ለሁሉ እህል ሊያበቃ ስላልቻለ ፊታቸውን ወደ እጅ ሥራ መለሱ። ሸማ ሠሩ፤ መሸመኛ አቆሙ፤ ወፍጮ ተከሉ፤ ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ ሠሩ። ሽመና የተናቀ ሥራ በነበረበት አገር፣ ወንዱ ፈትሎ ሴቷ ስትሸምን ማንም ማንን የሚንቅበት ምክንያት ጠፋ። በሌላው መንደር አንድን መሣሪያ ማን ይንካው፣ ማን አይንካው የሚለውን ወግ ይወስናል። እነርሱ ያንን ወግ አስቀድመው ስለጠየቁት መሣሪያው ለሁሉም እጅ ክፍት ሆነ። በኋላ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለዙምራ ኑሩ የክብር ዶክትሬት ሰጠ፤ ከአገር ውስጥና ከውጭ አገርም ብዙ ጎብኚ ወደ አውራ አምባ መጣ። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው በዚሁ በእኛ መንገድ አጠገብ ያለ መንደር ሆኖ ሳለ፣ ከመካከላችን ገብቶ ያየው ስንቱ ነው?

ከጋፋት የተማርነው፣ ሙያተኛው በተናቀበት አገር ትልቅ መሣሪያ ብቻውን ፍሬ እንደማይሰጥ ነው። ከአውራ አምባ የምንማረው ደግሞ፣ ንቀቱ ሲነሣ ጥቂት ሄክታርና ጥቂት መሸመኛ ያላቸው ሰዎች ከውድቀት ሊነሡ እንደሚችሉ ነው።

ከጋራዥ እስከ ታላቁ አዳራሽ

በሌላውም ዓለም የሆነው ከዚህ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በማርች 5 ቀን 1975 በካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ በተባለች ከተማ፣ ጥቂት ሰዎች በአንድ መኖሪያ ቤት ጋራዥ ውስጥ ተሰብስበው ሆምብሩ የተባለውን የኮምፒዩተር ክለብ መሠረቱ። በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር የመንግሥትና የታላላቅ ኩባንያዎች ንብረት ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን «ለእያንዳንዱ ሰው በቤቱ ቢኖረው ምን ይሆናል?» ብለው ጠየቁ። ሥርዓታቸው ቀላል ነበር፦ የሠሩትን ይዘው መጥተው ያሳያሉ፤ ያወቁትን አይደብቁም። ስቲቭ ዎዝኒያክ የመጀመሪያውን የአፕል ኮምፒዩተር ያሳየው በዚያ ክለብ ነው። በጀርመንም እ.ኤ.አ. በ1981 በበርሊን የተመሠረተው የካኦስ ኮምፒዩተር ክለብ ከ1984 ጀምሮ ዓመታዊ ጉባኤ ሲያደርግ ኖሯል፤ በዚያም መሣሪያ የሚፈታው ወጣትና የመንግሥትን ወይም የኩባንያን ሥልጣን የሚሞግተው ወጣት በአንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጣሉ።

ከአገራችን ደግሞ ኤልያስ ስሜን እጠቅሳለሁ። ይህ ሠዓሊ ከመርካቶ ተጥለው የሚሸጡትን የኮምፒዩተር ክፍሎችና የኤሌክትሪክ ሽቦዎች እየሰበሰበ፣ እያጠላለፈ፣ ታላላቅ ሥዕሎችን ሠርቷል። ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረቱት የዞማ ሙዚየምም በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተከፍቷል። ሌላው ቆሻሻ ያለውን እርሱ ድርና ማግ አደረገው።

በአንጻሩ ስለ ታላላቅ ጉባኤዎች አንድ ነገር ልናገር። ስለ ማሽን ትምህርት የሚመክረው ታላቅ ዓለም አቀፍ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 በአዲስ አበባ ሊደረግ ተወስኖ፣ ብዙ ዝግጅት ተደርጎ ነበር። የኮሮና ወረርሽኝ ስለመጣ ሁሉም ነገር በኢንተርኔት ብቻ ሆነ። ጉባኤው ወደ አፍሪካ የመጣው በ2023 ሲሆን፣ የመጣውም ወደ ኪጋሊ ነው። ማንም አልበደለም፤ መቅሠፍት ነው። ነገር ግን ከሩቅ የሚመጣ በዓል ሊቀር እንደሚችል ያስተምራል። በመንደር የተተከለ ጉባኤ ግን ባለቤቶቹ እስካሉ ድረስ ይኖራል።

ይህንን እኛ በራሳችን ላይ አይተነዋል። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ዕውቀታችንን ሁሉ በስልካችን ውስጥ አኑረን የነበርን ሰዎች ለብዙ ወራት ባዶ እጃችንን ቀረን። በገበያ ጥግ ያለው ቀጥቃጭ ግን ሙያው በእጁ ነበርና አልተቋረጠበትም። ፊት ለፊት ተገናኝቶ መማማር የድሮ ሰው ልማድ ብቻ ሳይሆን፣ መስመር ሲበጠስ የማይበጠስ መስመር መሆኑን ያን ጊዜ የተረዳን ይመስለኛል።

የሚመጣው ዓመት ንግግሮች

አሁን ወደ ተግባሩ ልግባ። በዓመቱ ውስጥ አምስት ንግግሮች እንዲደረጉ አሳስባለሁ።

የመጀመሪያው ስለ ነፋስ ይሁን። ስሟ ንፋስ መውጫ የሆነ ከተማ ስለ ነፋስ ኃይል ሳይመክር መቅረቱ ያሳፍራል። አገራችን በአዳማና በአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ተክላለች፤ የአሸጎዳው 120 ሜጋ ዋት ነው። ተናጋሪው ግን ተስፋ ብቻ ይዞ እንዳይመጣ አደራ እላለሁ። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ከነፋሱ የሚገኘው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ በግምት ሳይሆን በመለኪያ መሥራት ያስፈልጋል። ደግሞም በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በአንድ አራተኛ ያህል ስስ ነው፤ ያው ነፋስ እዚህ የሚሰጠው ኃይል በዚያው ልክ ያንሳል። ተማሪዎቻችን አራት ኩባያ በዘንግ ላይ አሥረው የሚሽከረከር መለኪያ ሠርተው ዓመት ሙሉ ቢመዘግቡ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ የምንነጋገረው በቁጥር ይሆናል።

ሁለተኛው ስለ ድንች ይሁን። የዘር ድንች በጨለማ ጉድጓድ ሲቀመጥ ረዥምና ነጭ፣ ሲነኩት የሚሰበር ቡቃያ ያወጣል። ቀጥተኛ ፀሐይ ሳይነካው፣ በተበተነ ብርሃን፣ አየር በሚያገባ የእንጨት መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ግን ቡቃያው አጭር፣ አረንጓዴና ጠንካራ ይሆናል፤ ዘሩም ብዙ ወራት ይቆያል። ይህንን የሚናገረው ባለሙያ ብቻውን አይሁን፤ መደርደሪያውን የሠራ ገበሬ አብሮት ይቁም።

ሦስተኛው ስለ ምድጃ ይሁን። ተናጋሪዎቹም ሸክላ ሠሪ እናቶቻችን ይሁኑ። የማገዶ እጥረትና የጢስ ነገር ከእነርሱ በላይ የሚያውቀው የለም። ከአውራ አምባም ሰው ይጋበዝ።

አራተኛው ስለ ፊደላችን ይሁን። መሐንዲስ አያና ብሩ የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና፣ ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ የአማርኛውን ቴሌፕሪንተር ለመሥራት የደከሙበት ታሪክ አለ። ከዚያም በኋላ በውጭ አገር የነበሩ ኢትዮጵያውያን በትርፍ ጊዜያቸው ፊደሉን ወደ ኮምፒዩተር አስገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ፊደላችን ቦታውን አገኘ። ዛሬ ስልካችን ላይ «ሀ» ብለን ስንጽፍ ይህ ሁሉ ድካም አብሮን ይጽፋል። ወጣቶቻችን ይህንን ሲሰሙ «መሣሪያው ከቋንቋችን ጋር አይስማማም» ከማለት «መሣሪያውን ለቋንቋችን እንዴት እናስማማው?» ወደማለት ይመጣሉ።

አምስተኛው ስለ ሰማይ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በጎረቤታችን በላሊበላ ፀሐይ የቀለበት ቅርጽ ይዛ መታየቷን ታስታውሳላችሁ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ ከስፔንና ከሰሜን አፍሪካ ተነሥቶ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን አድርጎ ወደ ሶማሊያ የሚያልፍ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል። ጋይንት ከዋናው መስመር ውጭ ስለሆነች ከቀትር በኋላ የምናየው ከፊል ግርዶሽ ነው። ወሩ ክረምት በመሆኑም ደመናው ሊከለክለን ይችላል። ስለዚህ ንግግሩ በግንቦት ይደረግ፤ ቀኑ ሲደርስ የታየ ይታያል። ፀሐይን በባዶ ዓይን ማየት ዓይንን እንደሚያጠፋ አስቀድሞ ለየትምህርት ቤቱ ይነገር። ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ወንፊት ከነጭ ጨርቅ በላይ ቢያዝ በእያንዳንዷ ቀዳዳ የተጎመደች ፀሐይ በጨርቁ ላይ ትታያለች። ፀሐይን በጀርባ አድርጎ ጨርቁን ብቻ ማየት ነው።

ለእነዚህ ንግግሮች ሦስት ደንብ ይበቃል። ተናጋሪው ከግማሽ ሰዓት አይለፍ፤ ጥያቄው አንድ ሰዓት ይሁን። ተናጋሪው በእጅ የሚነካ ነገር ሳይዝ አይምጣ። የመጀመሪያውም ጥያቄ በአዳራሹ ካሉት በዕድሜ ለሚያንሰው ይሰጥ።

ስለ ትርኢቱ በዓል

በዓሉ ከጥምቀት በኋላ፣ ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው ጊዜ፣ እህል ገብቶ ገበሬው ፋታ ሲያገኝ፣ ለሁለት ቀን ይሁን።

የመጀመሪያው ቀን የጥገና ቀን ነው። ሰው ሁሉ የተበላሸበትን ይዞ ይምጣ፤ ሬዲዮ፣ ስልክ፣ የፀሐይ መብራት፣ የውኃ ፓምፕ፣ የስፌት መኪና፣ ማረሻ። ቀጥቃጩ፣ የስልክ ጠጋኙ፣ የወፍጮ ቤቱ መካኒክና የቴክኒክ ተማሪው በአንድ ረዥም ጠረጴዛ ላይ ይሥሩ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደዚህች ከተማ በገባባቸው ቀናት ሕዝባችን የደረሰበትን በደል መቼም አንረሳውም። ከዚያ ወዲህ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ተሰብሮ፣ ተፈትቶ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ብዙ ነው። የአንዱን መመለስ እንኳን የባለቤቱን ልብ ይመልሳል። ለባለሙያዎቹም የውሎ አበላቸው ይከፈል፤ ሙያን አክብረን ዋጋውን መንሣት ሌላ ዓይነት ንቀት ነው።

ሁለተኛው ቀን የጥያቄ ቀን ነው። ባለቅኔው፣ ገጣሚው፣ አዝማሪው፣ ከአውራ አምባ የሚመጣው እንግዳና የድጓው መምህር በአንድ መድረክ ይቀመጡ። «የእጅ ሥራ ስለ ምን ተናቀ? ንቀቱስ ዛሬ የት ተደብቋል?» የሚለው ጥያቄ ይቅረብ። ቃል በቃል ይመዝገብ፤ ምልክት የሌለው ዜማ እንደሚጠፋ ከአባቶቻችን ተምረናልና።

ሪባን መቁረጥ፣ የክብር ወንበርና ረዥም የመክፈቻ ንግግር ግን እንዲቀሩ አሳስባለሁ።

ስለሚነሡት ተቃውሞዎች

«ሕዝባችን ተቸግሮ ሳለ በዓል ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። የጋይንትን ድርቅና ረኃብ የማያውቅ በመካከላችን የለም። ነገር ግን ከላይ የዘረዘርኳቸው ነፋስ፣ ድንች፣ ምድጃና የተሰበረ ፓምፕ ናቸው። እነዚህ ከችግሩ ውጭ ያሉ ነገሮች አይደሉም።

«የጸጥታው ሁኔታ አያስተማምንም» የሚልም ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ ጉባኤው ትንሽ፣ ወጪው ቀላል፣ ቀኑም ሊገፋ የሚችል ይሁን። መንገድ ቢዘጋ በከተማው ያለን ሰዎች ብቻችንን እናድርገው። ሃያ ሰው የመጣበት ንግግር ንግግር ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ልብ የሚነካ ነው፤ «ወግ ጠያቂዎችን ጠርተን ሃይማኖታችንንና ባህላችንን ልናስደፍር ነውን?» የሚል። ለዚህ የምመልሰው በአክብሮት ነው። እንግዳ ጠርቶ መስማት ማመን አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ መምህሩን ሲጠይቅ ቤቱ አልፈረሰም፤ ይልቁን በጥያቄው ጸና። ጥያቄን የሚፈራ ወግ ቢኖር፣ ወጉን ያዳከመው ጠያቂው ሳይሆን ጠባቂው ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

በመጨረሻ ይህ ስብሰባ አንድ ውሳኔ ብቻ እንዲወስን እጠይቃለሁ። እያንዳንዱ አባል እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ በሚኖርበት ቀበሌ ያለ፣ ሙያው የታወቀ፣ ስሙ ግን በክብር ተጠርቶ የማያውቅ አንድ ሰው ፈልጎ ያምጣ። ከስማዳም፣ ከእስቴም፣ ከታች ጋይንትም ይሁን። ወንድም ሴትም ይሁን። ስሙን ብቻ ሳይሆን ሙያውን፣ ሙያውን የተማረበትን ቤትና የሚያስተምረው ልጅ ያለው መሆኑን ጽፎ ለኮሚቴው ይስጥ። ተናጋሪዎቻችንን የምንመርጠው ከዚያ መዝገብ ይሁን። መዝገቡ ባዶ ሆኖ ከተመለሰ በዓሉን ለሌላ ዓመት እናቆየው፤ ከሞላ ግን የሚቀረን ወንበር ማሰናዳት ብቻ ነው።